ግራ እጁ የሰማችው መርዶ

እናታችን የሞተችው ወንድሜ ህንድ አገር ጭንቅላቱን ተከፍቶ በተኛበት ሳምንት ነው። ከልጅነቱ የሚጥል በሽታ ነበረበት፤ ከቅኔ ቤት ያስወጣውም ፊቱን በጠባሳ የሞላውም እሱ ነው። መድኃኒቱም ጠበሉም አልይዝለት ሲል፣ ሐኪሞቹ ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች የሚያገናኘውን ድልድይ ቆረጡለት። መውደቁ ቀረ። እኛ ግን ደስ ሊለን በሚገባው ሰሞን ለቅሶ ተቀመጥን።

"ጭንቅላቱ ሳይጠግግ ማንም እንዳያረዳው" አለ አባቴ። ለበሽተኛ መርዶ አይነገርም፤ በኛ ዘንድ ይህ ሕግ ነው። ከተማችን ሮብ ገበያ ሙሉ አፏን ዘጋች። እናቴ የት ናት ቢል፣ ደብረ ኤልያስ በኩል ጠበል ገብታለች ሊባል ተስማማን። እኔም ጥቁር ልብሴን አውልቄ፣ ቀለም ያለው ሻሽ አስሬ፣ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ተቀበልኩት። መዋሸት እንደዚያ እንደሚቀለኝ አላውቅም ነበር።

እዚያ የሚከታተለው ሐኪም አንድ ነገር አሳየኝ። ወንድሜን ዓይንህን ጨፍን አለውና በግራ እጁ ቁልፍ አስያዘው። "ምንድን ነው?" ቢለው "እኔ እንጃ" አለ። ቁልፉን ከብዕርና ከማንኪያ ጋር ቀላቅሎ "በግራህ ፈልገው" ቢለው፣ ጣቶቹ ዳብሰው ቁልፉን አወጡ።

"ግራ እጁን የሚያዘው ቀኙ አንጎል ነው" አለኝ ሐኪሙ። "ያውቃል፤ ግን አፍ የለውም። የሚናገረው ግራው ነው። ቀንበሩ እንደወለቀ ጥማድ በሬ ናቸው፤ አንዱ ያገኘው ለሌላው አይደርሰውም።"

አስተማሪ ነኝና የሰማሁትን ሳልሞክር አላድርም። አገር ቤት በገባን በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ደጅ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ዓይኑን በነጠላዬ አስሬ ጨዋታ ጀመርኩ። ጠመኔ፣ የበቆሎ ፍሬ፣ የሳጥን ቁልፍ። ግራው ያወቀውን አፉ ሲሳሳት አብረን ሳቅን። ከዚያ ከጉያዬ የእናታችንን የብር ቀለበት አወጣሁ። አንድ ጎኗ የተበላ ናት፤ ከጣቷ ወጥታ አታውቅም ነበር፣ የወጣችው ሲገንዟት ነው። ምስጢሩ ከብዶኝ ነበር። መናገር ለማይችል ሰው ልተነፍሰው ፈለግሁ።

በግራ እጁ አስያዝኩት። ጣቶቹ ቀለበቷን አንዴ አዞሯት፤ የተበላውን ጎን ሲያገኙት ቆሙ።

"ይህስ?" አልኩት።

"እኔ እንጃ እታለም፤ ቆርኪ ነው?" አለ እየሳቀ። ነጠላዬ ግን ዓይኑ ላይ ረጠበ። "ምን ሆኜ ነው የማለቅሰው?" አለኝ።

ደንግጬ ቀለበቷን ከመዳፉ ፈልቅቄ ወሰድኩ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግራ እጁ ደረቱን ትመታ ጀመር፤ ልክ ለቅሶ ቤት እንደሚመታው። በቀኙ ሲይዛት አምልጣ ትመታዋለች። "ቆይ፣ እናቴ ከጠበል ስትመጣ ትቀጣልኛለች" እያለ ይቀልድ ነበር። ደረቱ ግን በልዞ ጠቆረ።

የነፍስ አባታችን ተጠርተው መጡ። መስቀላቸውን አፉ ተሳለመ፤ ግራ እጁ ገፋችው። "መንፈሱ እጁ ላይ ሸሽቷል" አሉ።

"እሰሪለት" አለኝ አባቴ።

ነገሩን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ብናገር ቀለበቷን ማስያዜ ሊወጣ ነው፤ ወንድሟን በሕመሙ አረዳችው ልባል ነው። ፈራሁ። በራሴ መቀነት እጁን ከወገቡ ጋር አሰርኳት። ጋቢው ሥር ስትታገል እያየሁ ምሳ አቀርብለት ነበር።

ቁስሉ ጠግጎ ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ አንድ ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ አረዳው። ቀድሜ መቀነቱን ፈታሁለት፤ በሁለት እጁ ያልቅስ ብዬ። ወንድሜ ጮኸ፤ በቀኙ ደረቱን እየደቃ "መቼ? መቼ?" አለ። ግራ እጁ ጭኑ ላይ ተቀምጣ አልተነሳችም። እሷ የራሷን ጨርሳለች። ታስራ፣ ብቻዋን፣ አንድ ሰው እንኳ እግዜር ያጥናሽ ሳይላት።

ሁለት ዓመት አለፈ። ወንድሜ ወድቆ አያውቅም። ግራ እጁም ረግታለች፤ ሲያጭድ ነዶውን የምትጨብጠው እሷ ናት። አባቴም ጎረቤትም የሰጧትን ትይዛለች።

ባለፈው ፋሲካ ከማስተምርበት ከደብረ ማርቆስ ቀለበቷን ላስረክበው ይዣት ሄድኩ። በኛ ወግ ከታላቅ የሚሰጥን ነገር በሁለት እጅ ነው የሚቀበሉት፤ ወንድሜ ደግሞ ጨዋ ልጅ ነው። "የእናቴ ቀለበት!" ብሎ ጎንበስ አለና ቀኙን ዘረጋ። ግራው ከጋቢው አልወጣችም። ቀኙን አስገብቶ ሊጎትታት ቢሞክር፣ ከኋላው ሄዳ ጀርባው ላይ ተደበቀች።

"ይቅርታሽን እታለም" አለኝ አፍሮ እየሳቀ። "ካንቺ ሲሆን እንዲህ ያደርጋታል። ምን እንዳስቀየምሻት እንጃ።"

እኔም እንጃ አልኩት።