የቱዳ ጭፈራ ከመድረኩ ማዶ

ቱዳ በሞሮኮዋ አጋዲር ከተማ፣ ልጇ ቤት ፎቅ ላይ መኖር ከጀመረች ወዲህ ሰውነቷ ሁሉ ይከብዳት ጀመር። ከበሮዋን ገና ነካ ስታደርግ የታች ቤቱ ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣራውን ይደበድባል። የለውዝ ዛፍ የሚያብብበት ወር ሲደርስ ልጇን ነዝንዛ ወደ ተራራው መንደሯ ተመለሰች፤ እንደ ድሮው ከመንደሩ ሴቶች ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥማ ልትጨፍር።

መንደሩ ግን ለለውዝ አበባው በዓል መድረክ ተተክሎበት ጠበቃት። ማይክ የያዘው አስተናባሪ መድረኩ ላይ አውጥቷት፣ "ላላ ቱዳ፣ እመቤቴ፣ እርስዎ እዚህ ፈገግ ብለው ይቁሙልን፤ ዘፈኑን እኛ በድምፅ ማጉያ እንለቃለን" አላት።

"ቆሜ ምን ልሁን? የእርሻ ማስፈራርቾ አደረግኸኝ እንዴ?"

"ለፎቶ ነው እናቴ፣ አይቆጡ።"

"እንግዲያው ፎቶው ይጨፍርልህ!" ብላ ከበሮዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወረደች።

ወደ ለውዝ ዛፎቹ ዘለቀችና ከበሮዋን መምታት ጀመረች። ምቱ ተሳሳተባት፤ ጉልበቷም ቆረጠማት። ተራግማ እንደገና ጀመረች። አብሮ አደጓ ኢጃ ጫማዋን አውልቃ ከጎኗ ቆመች፤ ሌሎች ሴቶችም ተከተሉ። ድምፅ ማጉያው ዜማቸውን እየዋጠባቸው ጨፈሩ። ቱዳ ንዴቷ አልበረደላትም፤ ግን ላቧ በጀርባዋ ሲወርድ ሳቅ አመለጣት።