ጋቢ የለበሰው ትራንስፎርመር

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ መብራት ነበር የምትማረው። የመጨረሻ ሥራዋ ትራንስፎርመር የሚያባክነውን ኃይል መመርመር ነው ተባለ። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍሁም፤ መብራት እንደሚባክን ለማወቅ ግን መምህር አላሻኝም። እዚህ ከአዘዞ በላይ፣ አራዳ፣ ማታ ማታ አምፖሉ እንደ በሽተኛ ዓይን ነው የሚያየን።

«ምኑን ትመረምሪዋለሽ? የጠፋ ጠፋ» አልኋት።

«የት ላይ እንደሚጠፋ ነዋ እማዬ። ከብረቱ ነው ወይስ ከሽቦው? የባከነው ሙቀት ሆኖ ይወጣል።»

የመብራት ምሰሶ ላይ ልትወጣ ነው ብዬ «አትወጪም» አልኋት። አያ እያልሁ የምጠራውን ታላቅ ወንድሜን፣ ከዳባት በላይ ካለው አፋፍ፣ ከነበቅሎው መብረቅ ነው የበላው። እሱና የምሰሶው እሳት ለእኔ አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው።

«አልወጣም፤ በኮምፒዩተር ነው የምሠራው። ሲሙሌሽን ይባላል» ብላ አሳየችኝ። ቀይና ሰማያዊ የተቀባ የሣጥን ሥዕል። አንድ አምፖል የማያበራ ትራንስፎርመር። እውነተኛው ደጃችን ላይ እያጉረመረመ፣ የተማረ ሰው የውሸቱን ሥሎ ያስታምማል። መምህሯም ያው ነው፤ ጫማው ጭቃ አይቶ አያውቅም። «እስከ ሰኞ ስሌቱን ያላመጣ ከመብራት ሠራተኞች ጋራ አዘዞ ወርዶ እውነተኛውን ምሰሶው ላይ ይለካል» ያለው እሱ ነው። ይህን ስሰማ ሳቄን ዋጥሁት። የናቅሁት ሥዕል የልጄ ጠባቂ ሆኖ አረፈው።

ቅዳሜ ከሰዓት ስሌቱን አስጀመረችና «እስክመጣ እንዳትነኪው፤ ብዙ ያስባል» ብላኝ ወጣች። ያስብ ብዬ ተውሁት። ክረምት ነበርና በሰሜን በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ማጓራት ጀመረ። በእኛ አገር ሰማይ ሲያጓራ የሚያብረቀርቅ ዕቃ ሁሉ ይሸፈናል። መስታወቱን በነጠላ፣ ትሪውን በጨርቅ ሸፈንሁ። ያ ኮምፒዩተር ግን ጥግ ላይ ቦግ ብሎ ያበራል። በባሌ ጋቢ ጥቅልል አደረግሁት።

ስትመለስ ጋቢውን ገለጠች። እንደ ድስት ቂጥ ግሎ ጠፍቷል።

«እማዬ፣ አፈንሽው።»

«መብረቅ እንዳያየው ነው።»

«ለመብረቅ ኮምፒዩተር ምን ያደርግለታል?»

«ምነው፣ አያስ ምን አደረገለት?»

ጋቢውን አጠፈች። ቀጥሎም ስሌቱ ከመጀመሪያው መነሳት እንዳለበት ነገረችኝ። ያ ሁሉ ማሰብ ሙቀት ሆኖ ወጣ ማለት ነው። አንድ ጋቢ የማይችል አዋቂ።

እሑድ እንደገና አስነሳችውና ጽሑፏን ልትጨርስ ጓደኛዋ ዘንድ ሄደች። ከሥሩ አየር እንዲገባው ብዬ ጡብ ላይ አስቀመጥሁት። ሰማዩ እንደ ትናንቱ አጓራ። መስታወቱን ሸፈንሁ፤ እሱን አልሸፈንሁም። ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ፣ የከሰል ማራገቢያዬን ይዤ አራገብሁለት። ሰማዩ ብልጭ ባለ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ እጄን ግን አላቆምሁም። «አንተ ከንቱ፣ ቶሎ በል» እለዋለሁ።

ዝናብ ሸሽታ የገባች ጎረቤቴ አየችኝና «ከሰል የሌለው ምድጃ ታራግቢ ጀመር?» አለች።

«መጠለያ ካገኘሽ ዝም ብለሽ ተጠለይ» አልኋት።

ወደ ማታ ልጄ ገብታ አየችው። ቁጥሮቹ ተደርድረዋል፤ ሥዕሉ መካከሉ ላይ ቀልቷል። «ጨርሷል» አለች። ወገቤ ያን ጊዜ ነው መታመሙን የነገረኝ።

ሰኞ መምህሩ ፊት ቀርባ ተመለሰች። «ሸጋ ነው አለኝ» አለች። የእሱን ሸጋ ምን ላድርገው።

«ያልጨረሱት ልጆችስ?»

«በሚኒባስ አዘዞ ወርደዋል። የለኩትን ከእኔ ስሌት ጋራ ያስተያዩታል።»

ያን ቀን ደመና የሚባል አልነበረም። ልጄ ፀጉሯን ልታበጥር መስታወቱ ላይ ያለውን ነጠላ ስታነሳ እጇን ያዝሁት።

«ሰማዩ ጥርት ብሏል እኮ እማዬ።»

«ልጆቹ እስኪመለሱ አይገለጥም» አልሁ። «እናቶቻቸው መሸፈን ምን ያውቃሉ።»