የጾም ነው ያልኩት ቅቤ

በሰው አገር፣ ዌስትላንድስ ሰፈር ባለችው ምግብ ቤቴ በር ላይ «የጾም ምግብ አለ» የሚለውን ሰሌዳ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ በዐቢይ ጾም ከላቪንግተን ሰፈር ድረስ የሚመጡ አንዲት እናት ሽሮዬን ቀምሰው «ልጄ፣ ይኼ እንዲህ የጣፈጠው በምንድን ነው?» ሲሉኝ፣ መልሱን ማወቅ ነበረብኝ።

«በጾም ቅቤ ነው፣ እማማ።»

«እሱስ ከምን ይሠራል?»

የቅቤው ቆርቆሮ ላይ የዘንባባ ዛፍ ተስሏል። ዛፉን አይቼ ነበር የጾም ነው ብዬ የገዛሁት። ገልብጬ ሳነበው ከዘይቱ ሌላ የማላውቃቸው ሦስት ነገሮች በደቃቅ ፊደል ተጽፈዋል።

በማግስቱ ለሸጠልኝ ነጋዴ ደወልኩ። «ማማ፣ ሁሉም ሰው ይበላዋል፣ ሀኩና ሺዳ» አለኝ፤ በአገሬው ቋንቋ ችግር የለም ማለቱ ነው። ስልካቸው ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው አሻጊዎች ደግሞ «እኛ ማሸግ ብቻ ነው ሥራችን» አሉ። አስመጪው ዘይቱ ከአንድ አገር፣ ዘይቱን ከውሃ ጋር የሚያያይዘው ማዋሃጃ ደግሞ ከሌላ አገር እንደሚመጣ ነገረኝ። ማዋሃጃው ከተክል ነው ከእንስሳ ብዬ ስጠይቀው «እንደ ጭነቱ ይለያያል» አለኝ። ባሕር አቋርጦ ድስቴ ውስጥ ስለገባ ነገር የሚያውቅ አንድ ሰው ጠፋ።

«ሳታውቂ ያደረግሽው ነው፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለኝ ባለቤቴ።

«ትናንት አላውቅም ነበር። ዛሬ እያወቅኩ ዝም ከምል ሰሌዳው ይውረድ» አልኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቱ ሞልቶ ሳለ ቆሜ ተናገርኩ። ቅቤው ከምን እንደተሠራ ጠይቄ መልስ ማጣቴን፣ እስከዛሬ እሱን ማብላቴን፣ ከእንግዲህ ግን ሽሮዬን የማጣፍጠው ራሴ ቆልቼ በወቀጥኩት ሱፍ ብቻ መሆኑን። የሁለት ጠረጴዛ ሰዎች ተነሥተው ሄዱ። አንዱ በሩ ላይ ዞሮ «ጾማችንን አስፈታሽን» አለኝ። አፈርኩ፤ መናገሬ ግን አልጸጸተኝም።

እማማ ከመቀመጫቸው አልተነሡም። «የበላሁትን እኔና የንስሐ አባቴ እንነጋገርበታለን» አሉ። ሽሮውን በሱፍ ሠርቼ አቀረብኩላቸው። እጃቸውን ሳይሰዱ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሱፉንስ ከማን ገዛሽው?»

«ከሞያሌ ከምታመጣ ሴት።»

«እሷስ ከማን ገዛችው?»

«አልጠየቅኳትም።»

«እንግዲያው ጠይቂያት። እኔ እጠብቃለሁ» አሉና ሳህኑን ገፋ አደረጉት።

ስልኬን አውጥቼ እዚያው አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።