አራተኛው ቀለም

በአንድ የየካ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። በሥራዬ ጥንቁቅ እንደሆንኩ ባልደረቦቼ ያውቃሉ፤ እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንደዚያ መታወቄን እወደዋለሁ። ስለዚህ ይህን ስሕተት የሠራው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ለመጻፍ በቀለለኝ ነበር።

የእኛ ኮምፒውተር አዲስ ነው። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ግን አሮጌ ነው፤ የሰንጠረዥ ፕሮግራሙም እንዲሁ። የአንደኛ ክፍል አመልካቾችን ዝርዝር ወደዚያ የምልከው በአሮጌው የፋይል ዓይነት አስቀምጬ ነው። ባስቀመጥኩ ቁጥር አንድ ትንሽ መስኮት ብቅ ይላል፤ በአሮጌው ፕሮግራም የማይሠሩ ነገሮችን በእንግሊዝኛ ይዘረዝርና ልቀጥል ወይስ ልተው ብሎ ይጠይቃል። ለዓመታት «ቀጥል» የሚለውን ስጫን ኖሬአለሁ። አንድም ቀን እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም።

ፕሮግራሙ በሰጠሁት ደንብ መሠረት ዝርዝሩን በቀለም ይለያል። መስከረም ከመጥባቱ በፊት ሰባት ዓመት የሚሞላቸው አረንጓዴ፣ ማስረጃ የጎደላቸው ቢጫ፣ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ቀይ ናቸው። ጳጉሜን የተወለዱትን ግን ፕሮግራሙ አያውቃቸውም፤ ለእሱ ዓመት ማለት አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ በሆነበት ዓመት የእነሱን ዕድሜ ራሴ ቆጥሬ፣ የደረሱት ሰማያዊ እንዲሆኑ አራተኛ ደንብ ጨመርኩ። በብልሃቴ ኮርቼ ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ አንዲት እናት ልጇን በእጇ ይዛ ቢሮዬ ገባች። ሾላ ገበያ ቅመም ትሸጣለች፤ ቤቷ ወደ የካ ተራራ በሚወስደው ዳገት ላይ ስለሆነ ዝናቡ መንገድ ላይ አግኝቷት ሂጃቧ ረጥቧል። ወረዳው የለጠፈውን ዝርዝር ሁለት ጊዜ አንብባ የልጇን ስም አጥታዋለች። ዝርዝሩ የሚዘጋው ዓርብ ነው፤ ያልገባ ልጅ አንድ ዓመት ይጠብቃል።

የልጅቷን የትውልድ ቀን ጠየቅኩ።

«ጳጉሜን ሦስት» አለች እናትየው። «ምን ላድርጋት እትዬ፣ ስንት ወር እያለ አምስት ቀን ያላትን መርጣ መጣች።»

ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን አየቻትና፣ «አንዳንዴ ስድስት ነው» ብላ አረመቻት።

በልቤ ወደድኳት። ፋይሌን ስከፍት ሰማያዊ ሆና በቦታዋ ተቀምጣለች። የጠፋችው ከእኔ ዘንድ እንዳልሆነ ለእናትየው ነገርኳት። ያን ስናገር ድምፄ ውስጥ የነበረውን መተማመን ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። እናትየው ግን አልተቆጣችም። ልጅቷ የታላቅ እህቷን አሮጌ የደብተር ቦርሳ ታቅፋ መተኛት ከጀመረች ሳምንት እንዳለፋት ብቻ ነግራኝ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ወደ ወረዳው ሄድኩ። ዝርዝሩን የሚያዘጋጁት ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት የቀሯቸው ሰው ነበሩ፤ እስከዚያ ቀን የማውቃቸው በስልክ ብቻ ነው። የላክሁትን ፋይል ከፍተው የልጅቷን ረድፍ አሳዩኝ። ነጭ ነበር።

«አረንጓዴና ሰማያዊውን ይጻፉ ያልሽኝ አንቺው ነሽ» አሉኝ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው። «ሰማያዊ ብፈልግ አጣሁ። ዘንድሮ ጳጉሜን የተወለደ አመልካች የለም ማለት ነው ብዬ አለፍኩት።»

ቢሮዬ ተመልሼ ፋይሉን እንደገና ማስቀመጥ ጀመርኩ፤ መስኮቱ ብቅ አለ። በዚህ ጊዜ አነበብኩት። አሮጌው ፕሮግራም በአንድ ቦታ ላይ ከሦስት በላይ የቀለም ደንብ እንደማይቀበል፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ብቻ እንደሚያሳይ በማያሻማ ቃል ተጽፏል። ነገሩ ተነግሮኝ ነበር፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

«ተው» የሚለውን ተጫንኩ። ከዚያም አራተኛውን ደንብ አጥፍቼ፣ አንድ ዓምድ ጨምሬ በየልጁ ረድፍ «ዕድሜ ደርሷል» ወይም «አልደረሰም» ብዬ በፊደል ጻፍኩ። ፊደልን አሮጌውም አዲሱም ፕሮግራም እኩል ያነባል። ጳጉሜን የተወለዱት ልጆች ሦስት ነበሩ።

ወረዳው የተለጠፈ ዝርዝር ለማስተካከል በርዕሰ መምህሩ የተፈረመ ደብዳቤ ይፈልጋል። ረቂቁን ሳዘጋጅ «በቴክኒክ ችግር ምክንያት» ብዬ ጀምሬ ነበር። አጠፋሁትና «በመዝገብ ያዥዋ ስሕተት» ብዬ ጻፍኩ። ርዕሰ መምህሩ አንብበው ቀና ብለው አዩኝና ፈረሙ።

ሐሙስ ጠዋት ደብዳቤውን ከፋይሉ ጋር አደረስኩ። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው የሚል ደብዳቤ እዚህ ቢሮ ገብቶ አያውቅም» አሉ። «የትኛው ክላሰር ውስጥ እንደማስቀምጠው እንጃ።»

ከዚያ ሦስቱንም ስሞች እኔ ቆሜ እያየሁ በተራ አስገቡ፤ ማኅተሙን መትተው ተጨማሪውን ዝርዝር ራሳቸው ወጥተው ለጠፉት።

ስልክ መደወል እችል ነበር። ነገር ግን በእግሬ ሾላ ድረስ ሄድኩ። እናትየው በጥቁር አዝሙድና በኮረሪማ ጆንያዎች መካከል ቆማለች፤ ልጅቷ የለስላሳ ሣጥን ገልብጣ ተቀምጣለች። ስሟ እንደገባ፣ በዝርዝሩ ላይ ቁጥሯ መቶ አሥራ ስምንት መሆኑን ስነግራቸው እናትየው እጆቿን ፊቷ ላይ አደረገች። እኔም ጥፋቱ የእኔ እንደነበረ አክዬ ነገርኳት፤ ስለ መስኮቱም፣ ስለ ቀለሞቹም።

ልጅቷ በጥሞና ስታዳምጥ ቆይታ፣ «አሁን ሰማያዊ አይደለሁም ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ።

አሁን በፊደል እንደተጻፈች ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «ሁለቱም ይሁን» አለች።

ሰኞ ቢሮ ስገባ መጀመሪያ ያደረግሁት፣ ፊደሉ እንዳለ ሆኖ፣ ሰማያዊውን ደንብ መመለስ ነው። አሁን ልጅቷ ሁለተኛ ክፍል ናት። በየነሐሴው መስኮቱ ብቅ ሲል፣ ሰማያዊው እንደማያልፍ እስከ መጨረሻው አነባለሁ፤ ፊደሉ መኖሩን አረጋግጬ «ቀጥል» እላለሁ። የእሷ ረድፍ ግን በእኔ ኮምፒውተር ላይ ዛሬም ሰማያዊ ነው።