እምቢታ ፍለጋ

የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «ጆሮ» ይላታል። እናቷ ያወጣችላትን ስም የምታውቀው ደመወዝ ከፋይዋ ሴትዮ ብቻ ናት ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ሥራዋ ለአንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ዘፈን መምረጥ ነው። ድራማው ስለ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነው፤ ይፋቀራሉ፣ ይኳረፋሉ፣ ከቤት ይጠፋሉ፣ ወላጅ ያስለቅሳሉ። በየሳምንቱ ክፍል መጨረሻ ላይ አንድ ዘፈን ይገባና ተመልካቹ መሐረብ ፍለጋ ይነሣል። ያን ዘፈን የምታመጣው እሷ ናት።

የታወቀ ዘፋኝ አትነካም። የታወቀ ዘፈን ጓዙን ጠቅልሎ ነው የሚመጣው ትላለች፤ አንዱን የከዳችውን ልጅ ያስታውሰዋል፣ ሌላውን አውቶቡስ ውስጥ ስልኩን የተሰረቀበትን ቀን፤ ድራማው ላይ ያለችው ልጅ ስታለቅስ ተመልካቹ በገዛ ጉዳዩ ያለቅሳል። ስለዚህ የምታድነው ማንም ያልሰማውን ነው። አሳታሚ የሌላቸው፣ በር ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለው መኝታ ቤታቸው ውስጥ የሚቀዱ፣ ኢንተርኔት ላይ ለቀውት አክስታቸውና ሁለት ጓደኞቻቸው ብቻ የሚሰሙላቸው ልጆች የሠሩትን። እንዲህ ያለው ዘፈን ባዶ እጁን ይመጣና የሰጡትን ትዕይንት ይለብሳል። ወጣቶቹም «ማንም ሳያውቀው እኔ አወቅሁት» ለማለት ሲሉ ይወዱታል። ጆሮ ይህን ስታስረዳ ጣቷን እንደ አስተማሪ ታነሣለች፤ ባልደረቦቿም ከኋላዋ ሆነው ጣታቸውን ያነሣሉ።

አንድ ሕግ ግን አላት፤ በዚህ ማንም አይቀልድባትም። ፈቃድ ከመጠየቋ በፊት ዘፈኑ የትኛው ትዕይንት ሥር እንደሚገባ ለባለቤቱ አንድ በአንድ ትነግረዋለች፤ ማን እንደሚታይ፣ ምን እንደሚሆን፣ ዘፈኑ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ። በዚህ አኳኋን ጠይቃው እምቢ ያላት ሰው የለም።

ያን ዕለት ጠዋት ወደ ኤዲቲንግ ክፍሉ ስትገባ ኤዲተሩ ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሣም። ይህ ሰው ጥፋት ሲኖርበት አንገቱ ትከሻው ውስጥ ይገባል፤ ያን ዕለት አንገት የሚባል ነገር አልነበረውም።

«ምን ሠራችሁ?» አለችው።

«እኔ የለሁበትም፤ ዳይሬክተሩ ነው» አለና ማታ የሚተላለፈውን ክፍል መጨረሻውን ከፈተላት።

ዘፈኑ የሷ ግኝት ነው። አንዲት የመነጽር ቤት ሠራተኛና ታናሽ ወንድሟ ወጥ ቤታቸው ውስጥ የቀዱት ነው። እህት መስታወት ፊት ቆማ ስታረፍድ፣ ወንድም በር ላይ ጊታሩን ይዞ ያሾፍባታል፤ «ጫማሽን አድርጊ፣ ጫማሽን አድርጊ፣ ከተማው ሊዘጋ ነው» ይላታል። ፈቃዱ የተጠየቀበት ትዕይንት ውስጥ ተማሪዎቹ ከቤት አልወጣም ያለች ጓደኛቸውን ጎትተው አውጥተው በዝናብ ይሮጣሉ። አሁን ግን ከዘፈኑ ሥር ዝናብም ሩጫም የለም። የሆስፒታል አልጋ ነው ያለው። የታመመችው ተማሪ ተኝታለች፤ እናቷ እጇን ይዛለች። ካሜራው ቀስ ብሎ ይወርድና አልጋው ሥር ጎን ለጎን የተቀመጡ ጫማዎች ያሳያል፤ ከዚያ የወንድምየው ድምፅ፣ «ጫማሽን አድርጊ» ይላል። ልጅቷ ትሞታለች፤ ስክሪኑ ይጨልማል።

ለጆሮ ትዕይንቱ ቢበላሽ ኖሮ በተሻላት ነበር፤ ነገር ግን እጅግ አምሮ ነበር።

ያሸበራት ሌላ ነው። የዘፋኟ ወንድም ሞቷል፤ የሞተውም ሆስፒታል ነው። ዘፋኟ ይህን የነገረቻት እሺ ካለች በኋላ፣ ስልኩ ሊዘጋ ሲል ነበር። «ልጆቹ የሚሮጡበት ቦታ ላይ ስለገባ ነው እሺ ያልኩሽ። እናቴ ድምፁን በቴሌቪዥን ስትሰማ ደስ ይላታል» ብላት ነበር። እንግዲህ ማታ እኒያ እናት ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብለው የልጃቸውን ድምፅ ከሞት አልጋ ላይ ሊሰሙ ነው።

ዳይሬክተሩን ኮሪደር ላይ አገኘችው።

«ሌላ ዘፈን አስገባበት» አለችው።

«ምስሉ በዚህ ዘፈን ምት ነው የተቆረጠው፤ ከነካሽው ይፈርሳል። ደግሞ ፈቃድ አለን።»

«የተፈቀደልን ለዝናቡ ነው።»

«የተፈቀደልን ለማታው ክፍል ነው። ዝናቡም ሆስፒታሉም የማታው ክፍል ናቸው።»

«ወንድሟ ሆስፒታል ነው የሞተው። እናቱ ሊያዩት ነው፣ ገብቶሃል?»

ዳይሬክተሩ ወደ ኤዲቲንግ ክፍሉ በር ዞር ብሎ አየ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከሠራው ነገር ሁሉ የተሻለውን የሠራና እንዳይነጥቁት የፈራ ሰው ነው። «የዘፈኑ ባለቤት እምቢ ካለች አወጣዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ግን ከራሷ አፍ ልስማ። አንቺ በሷ ፋንታ እምቢ አትበይብኝ። ከሰዓት በኋላ ለጣቢያው እናስረክባለን፤ ከዚያ ወዲያ እኔም የለሁበትም።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ጥበቃው ሳይቀር የሰማውን ነገር ያልሰሙት ባለቤቶቹ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለ ወሬ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ትዕይንቱን ታብሌቷ ላይ ገልብጣ አውቶቡስ ያዘች። ዕድሜዋን ሰው እሺ ስታሰኝ የኖረች ሴት፣ እምቢ ልታሰኝ ትገሰግሳለች። ልጅቷ እምቢ ካለች ደግሞ ያ ዘፈን ተመልሶ አክስቷና ሁለት ጓደኞቿ ጋ ይቀራል። ይህን እያሰበች መውረጃዋን አልፋ ወረደች፤ ያለፈችውን መንገድ በሩጫ ተመለሰች።

በሩን የከፈቱላት እናትየው ናቸው። ማታ ለሚመጣ ድራማ ገና በቀትር ለብሰው ተዘጋጅተዋል። ቴሌቪዥኑ ተወልውሏል፤ ሳሎኑ ውስጥ መልካቸው የማይመሳሰል፣ ከጎረቤት የተዋሷቸው ወንበሮች ተደርድረዋል።

«ዘፈኑን ያገኘሽው አንቺ ነሽ?» አሉና ጎትተው ሳሟት። «ግቢ ልጄ። እኛማ ማታ አልመጣ ብሎን ተቸግረናል።»

ጆሮ «ልጅዎን ላንዳፍታ ባገኛት» ብላ ወደ ወጥ ቤቱ አለፈች።

ዘፋኟ ሰሃን እያጠበች ነበር። ግድግዳው እስከ ጣሪያው የሸክላ ንጣፍ ነው፤ ድምፅ የሚያስተጋባው ለዚህ ነው፣ ዘፈኑም የተቀዳው እዚሁ ነው። ጆሮ በሹክሹክታ ሁሉንም ነገረቻት። ልጅቷ እጇን ጠራርጋ «አሳዪኝ» አለች። አንዱን ማዳመጫ አንዷ፣ ሌላውን ሌላዋ ሰክተው ተጠጋግተው አዩት።

ሲያልቅ ዘፋኟ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣች። «ቀልድ እኮ ነበር» አለች። «በኔ ላይ ያሾፈው ቀልድ ነው። ከእንግዲህ ይህን ዘፈን የሚሰማ ሰው እኔን መስታወት ፊት አያየኝም፤ ሬሳ ነው የሚያየው።»

«እምቢ በዪ። እኔም የመጣሁት እምቢ እንድትዪ ነው።»

«እሺ፣ እማዬንስ ምን ልበላት? ወንበር ተውሳለች።»

«ምኑን ነው የምትነግሪኝ?»

እናትየው በሩ ላይ ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ የሚያውቅ የለም። ጆሮ ታብሌቱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«አሳዩኝ» አሉ።

«እማዬ፣ ተይው ይቅርብሽ።»

«ልጄን ቀብሬያለሁ። ከዚያ የባሰ ምን ልታሳዩኝ ነው?»

ጆሮ ማዳመጫውን ነቀለች፤ ድምፁ ወጥ ቤቱን ሞላው። እናትየው ወንበር ስበው ተቀመጡ። የተዋናይቷ እናት የልጅቷን እጅ ስትይዝ የሳቸውም እጅ ጭናቸው ላይ ተጨበጠ። «እሷስ ደርሳለች» አሉ። «እኔ ስደርስ አልጋውን አንጥፈው ሌላ ሰው አስተኝተውበት ነበር።» ከዚያ የጫማዎቹ ምስል መጣ፤ ድምፁ መጣ። አላለቀሱም። ልጅቷ ሞተች፤ ስክሪኑ ጨለመ፤ ዘፈኑ ቆመ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከታብሌቱ አላነሡም። እንዲያውም ወደፊት ጠጋ አሉ፤ የሆነ ነገር ይጠብቃሉ።

«ሳቁስ?» አሉ።

ጆሮ ገባት፤ ምነው ባልገባኝ አለች። ወንድምዬው የመጨረሻውን ስንኝ ስቶ ወጥ ቤቱ እስኪናወጥ ይስቃል፤ ጊታሩ ከአንድ ነገር ጋር ይጋጫል፤ ከዚያ ቅጂው ያበቃል። ያን ጫፍ የቆረጠው ዳይሬክተሩ አይደለም። እሷ ናት፤ ዘፈኑን ባገኘችበት በመጀመሪያው ቀን። የዘፈን ሁሉ ጫፍ ታጸዳለች፤ ትንፋሽ፣ ሳል፣ የወንበር መንቋቋት ታወጣለች። ልጆቹ በዝናብ ቢሮጡበትም ኖሮ ሳቁ አይኖርም ነበር። እስካሁን ለተበዳይ ልትቆም የመጣች መስሏት ነበር፤ በዳይዋ ራሷ ሆና ተገኘች። ነገሩን ዳይሬክተሩ ላይ ማላከክ ትችል ነበር፤ አፏም ሊከፈት ዳድቶት ነበር።

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለች።

«ለምን ልጄ?»

«ዘፈኑ ያለቀ መስሎኝ።»

እናትየው አልተቆጡም። «እኔ ማታ ማታ የምከፍተው ለሳቁ ነው» አሉ። «ከዚያ በፊት ያለውን እጠብቃለሁ እንጂ አልሰማውም።»

ጆሮ በሐፍረት መሬት ብትከፈት ትገባ ነበር። ባዶ እጁን ይመጣል እያለች ጣቷን ስታነሣበት የኖረችው ዘፈን እኮ ጓዝ አላጣም፤ ጓዙን በር ላይ የምታስቀረው እሷ ነበረች።

«ሆስፒታሉ ይሁን» አሉ እናትየው። «እናቷ አጠገቧ ናት፤ መልካም ነው። ሳቁን ግን መልሱልኝ።»

ጆሮ ወደ ዘፋኟ ዞረች፤ ቃሉ የሷ ነው። ልጅቷ እናቷን አየች፤ ሸክላውን አየች፤ «ደውዪለት» አለች።

ዳይሬክተሩ ስልኩን ወዲያው አነሣ።

«ዘፋኟ ነኝ» አለችው። «ወንድሜ ከነሳቁ ከገባ እሺ። ሳቁን ከቆረጣችሁ እምቢ።»

«የኔ እህት፣ የሞተች ልጅ ላይ ሰው ሊስቅ? ሕዝቡ ጣቢያው ተበላሽቷል ነው የሚለው። መሳቂያ ነው የምንሆነው።»

«ከአፏ ልስማ አላልክም?» አለች ጆሮ። «ይኸው ሰማህ። ሙሉው ቅጂ ኤዲተሩ ጋ አለ።»

ስልኩ ተዘጋ። መልሳ ደወለች፤ አያነሣም። ኤዲተሩ ጋ ደወለች፤ እሱም አያነሣም፤ አንገቱ የት እንደገባ መገመት አያቅትም። ሰዓቱ እየገፋ ነው። መሥሪያ ቤት ብትመለስ ሥራው ለጣቢያው ከተሰጠ በኋላ ነው የምትደርሰው። ጣቢያው ምን እንደተረከበ የሚነግራት ሰው የለም። ልሂድ ብላ ብትነሣ እናትየው «የት? አብረን ነው የምናየው» አሉና ወንበር ሰጧት። እምቢ ማለት አልቻለችም።

ሲመሽ የወንበሮቹ ባለቤቶች መጡ፤ እያንዳንዱ የራሱን ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ድራማው ጀመረ። ጆሮ አንድም ነገር አላየችም፤ የምትጠብቀው መጨረሻውን ብቻ ነው። ተማሪዎቹ በዝናብ ሮጡ፤ ሌላ ዘፈን ሥር ነበር። ዘፋኟ የወንበሯን ጠርዝ ያዘች። ሆስፒታሉ መጣ። ዘፈኑ ገባ። አንዲት ጎረቤት «ይኼ የሱ ድምፅ አይደለም?» ብላ አፏን በእጇ ያዘች። እጅ ተያዘ፤ ጫማዎቹ ታዩ፤ ልጅቷ ሞተች።

ስክሪኑ ጨለመ። ዘፈኑ ቆመ። ምንም የለም።

ጆሮ ዓይኗን ጨፈነች። ቆርጠውታል አለች በልቧ፤ እናትየውን ቀና ብዬ እንዴት አያለሁ አለች።

ሳቁ የመጣው ያኔ ነው። ጨለማው ላይ፣ ያለ ምንም ምስል፣ አንድ ወጣት እየተንከተከተ ሳቀ፤ ጊታሩ ተጋጨ፤ እሱ አሁንም ይስቃል። ጎረቤቶቹ ደነገጡ፤ ዘፋኟ ሳቁ ተጋብቶባት እሷም ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

እናትየው ወደ ቴሌቪዥኑ ጎንበስ ብለው፣ ፈገግታቸውን ዋጥ አድርገው፣ በቁጣ ድምፅ «ቀስ በል እንጂ» አሉ። «ጎረቤት ትረብሻለህ።»

ጎረቤቶቹ ሁሉ አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር።