የእሑዱ ቅጂ

ጎረቤታችን ጋሼ ፒያሳ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ሥራዬን በጠየቁኝ ቁጥር «ኮምፒውተር» ብዬ አልፋቸው ነበር። አንድ ቀን ማኪያቶ ይዘን ባንኮኒ ላይ እንደቆምን ግን በዝርዝር ላስረዳቸው ተነሣሁ። ድርጅቶች ሩቅ አገር ያለ ኮምፒውተር በኢንተርኔት እንደሚከራዩ፣ እኔም የዚያን ኮምፒውተር ዲስክ ከነሙሉ ይዘቱ እየቀዳሁ እንደማስቀምጥ፣ ቅጂውንም ስናፕሾት እንደምንለው ነገርኳቸው።

«ስናፕሾት ፎቶ ነው» አሉኝ።

«እንደሱ ይበሉት።»

«ሰው አለበት?»

«የለበትም።»

«ታዲያ ማን ይገዛዋል?»

ፎቶ ቤቱ የነበረበት አሮጌ ሕንፃ ሲፈርስ ቸርችል ጎዳና ላይ ሦስተኛ ፎቅ ጠባብ ክፍል ተከራዩ። ክፍሉ በኔጋቲቭ ካርቶን ስለታፈነ ሴት ልጃቸው ኔጋቲቮቹን ስካን እያደረገች የኪራይ ኮምፒውተር ላይ ማስገባት ጀመረች። ስካን ያለቀላቸውን ካርቶኖች የዘመድ መጋዘን አስገቧቸው። ክረምት ላይ የመጋዘኑ ጣሪያ አፈሰሰና ብዙዎቹ ተበላሹ። ከዚያ በኋላ የኮምፒውተሩ ጥበቃ ለእኔ ተሰጠ። እሑድ እሑድ ከሥላሴ ስመለስ አንዲት መስመር ትእዛዝ እጽፋለሁ፤ ዲስኩ ይቀዳል፤ እኔ ምሳዬን እበላለሁ።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት ልጃቸው ደወለችልኝ። ፕሮግራም እያደሰች ሳለ መስመሩ ተቋርጦ ኮምፒውተሩ አልነሣ ብሏል። ከአራት ኪሎ ታክሲ ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ኮታቸውን እንደለበሱ ቆመው ጠበቁኝና እንደ ለቅሶ ደራሽ ወንበር ሰጡኝ።

ላፕቶፔን ከፍቼ ያሉንን ቅጂዎች የሚዘረዝረውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጫጭ ፊደላት ተደረደሩ።

«ምስል የለውም?»

«ጽሑፍ ብቻ ነው፣ ጋሼ።»

«ካሜራ የለሽ፣ ምስል የለሽ፤ ጥሩ ፎቶ አንሺ ነሽ።»

የእሑዱ ቅጂ አለ። ከእሱ አዲስ ዲስክ እንዲሠራ አዘዝኩ፤ የተበላሸውን ነቅዬ በቦታው ልተክለው ነው። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ በመሐሉም የሚታይ ነገር የለም። ፊቴን አረጋጋሁ።

«ምን እየሆነ ነው?»

«እየተዘጋጀ ነው።»

«እየታጠበ ነው በይኝ፤ እሱ ይገባኛል።»

«እየታጠበ ነው።»

ወዲያው ተቀመጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊልም ሲያጥቡ ስለኖሩ መጠበቅ ያውቁበታል።

ኮምፒውተሩ ተነሣ። ልጃቸው እልል ልትል አፏን ስትከፍት በእጃቸው ከለከሏት። መነጽራቸውን አድርገው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ። አንድ ሠርግ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ሙሽራው ዓይኑን ጨፍኗል።

«ትክክል ነው» አሉ። «ያኔም ጨፍኖ ነበር።»

ከእሑድ ወዲህ የገባው ግን አልተመለሰም። የአንድ ቤተሰብ የክርስትና ፎቶዎች ነበሩ። ደግነቱ ኔጋቲቮቹ ገና እዚያው ክፍል ውስጥ ናቸው። ልጃቸው ካርቶኑን ልትፈልግ ተንበረከከች። ጋሼም ኮታቸውን አውልቀው አጠገቧ ተንበረከኩ።

ከዚያ ወዲህ ቅጂው በየቀኑ በራሱ እንዲነሣ አደረግሁ። ሲበዛ ደግሞ የቆየው መሰረዝ አለበት። የመጀመሪያውን ልሰርዝ ስል ነገርኳቸው።

«ፎቶ አይጣልም» አሉኝ።

በውስጡ ያለው ሁሉ አዲሶቹም ውስጥ እንዳለ አስረዳኋቸው። ወደ መስኮቱ ዞረው ቁልቁል የሚወርዱትን ታክሲዎች ማየት ጀመሩ። ትእዛዙን ጻፍኩ፤ ተሰረዘ።

«ጨረስሽ?»

«ጨርሻለሁ።»

«እንግዲህ ሻይ እንጠጣ» አሉና ኮታቸውን አነሡ።