መጨረሻውን አትንገሪኝ

ይኼ መጽሐፍ ልብስ አለው። ከአቡጀዲ ቁራጭ የተሰፋ፣ ጠርዙ በሰማያዊ ክር የተዘመዘመ፣ ሁለቱን ሽፋኖች እንደ እጅጌ የሚያስገባ ልብስ። ከመደርደሪያው ባወረድኩት ቁጥር የማሽን ዘይትና የጥጥ ብናኝ ይሸተኛል። ልጄ አፍንጫዋን አስጠግታ "ምንም አይሸትም እኮ እማዬ" ትለኛለች። እሷ ምን ታውቃለች።

ሰሞኑን ያወረድኩት በስልኬ ምክንያት ነው። አንባቢዎች የተሰበሰቡበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አለሁ። አንዱ ተነስቶ "በቅርብ አንብባችሁ የወደዳችሁትን መጽሐፍ ጠቁሙን" ብሎ ጠየቀ፤ ከዚያ ወዲያ ስልኬ እንደ ትምህርት ቤት ደወል ሲንጫረር ዋለ። አንዱ "ምርጥ መጽሐፍ!" ይላል። ምኑ ነው ምርጡ ስትሉት ዝም። ሌላዋ የሽፋኑን ፎቶ ከአበባ አጠገብ አስቀምጣ አንስታ ትለጥፋለች። ሦስተኛው ገና ስሙን ሳያይ "ፒዲኤፉ ያላችሁ?" ይላል። ቆሽቴ አረረ። ሰው ወጥ እንኳ ቢቀምስ ጨው አንሶታል ወይ በዝቶታል ይላል እኮ። መጽሐፍ አንብቦ "ምርጥ" ብቻ ብሎ የሚሄድ ሰው፣ እውነት አንብቦታል?

እኛ ደሴ ላይ መጽሐፍ የምንጠቁመው ቆመን ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንዲት ሻይ ቤት እንሰበሰባለን። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በሩ ላይ ይቆማል፤ አምፖሉ በቀን ይበራል፤ ዝናብ ከመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮህ የሚናገረው ሰው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ሰብሳቢያችን የእኛ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መዘምር ነበር። እኛ ዘንድ እሑድ እሑድ ምስክርነት ያለው ይነሳና እግዚአብሔር ያደረገለትን ይናገራል። እሱም ሥርዓቱን እንዳለ አንስቶ ሻይ ቤት አመጣው። መጽሐፍ ያነበበ ይቆማል፣ መጽሐፉ ምን እንዳደረገው ይመሰክራል። ሙስሊሞቹም ኦርቶዶክሶቹም መጀመሪያ ሳቁ፤ ኋላ ለመዱትና አንዳንዴ ረስተው "አሜን" ይሉ ጀመር።

ይኼ ጥሩ ነበር። ነገሩን ያበላሸው ሰብሳቢያችን ያወጣው ሕግ ነው። "የመሰከረ ያውሳል" አለ። ማለትም አንድ ሰው ስለ መጽሐፉ ከመሰከረ በኋላ፣ ቀድሞ እጁን ላወጣ ሰው እዚያው ያውሰዋል። መጽሐፍ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይህን የመሰለ ሕግ የት ይገኛል ብለን አጨበጨብን።

ከኩታበር የሚመጡ አንድ መምህር ነበሩ። በዕድሜ ይበልጡናል፣ ንባባቸውም እንደዚያው። ቅዳሜ ሲመጡ ከኮታቸው ሥር አንድ ወፍራም መጽሐፍ ጎልቶ ይታያል። ሕጉ በወጣ በሳምንቱ ተነሱና፣ ከኮታቸው ሥር ያለውን ትተው ከፌስታል ውስጥ ስለ ጎመን ተባይ የተጻፈ መጽሐፍ አወጡ። እንዴት አድርገው መሰከሩለት መሰላችሁ! ድምፃቸው ተሰበረ። እኔም ከማንም ቀድሜ እጄን አወጣሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ክሽክሽ ስለሚሉት ተባይ ሳነብ ከረምኩ። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ስብሰባ አመራር መሰከሩ። አሁንም እጄን አወጣሁ፤ ሞኝን እባብ ሁለቴ ይነድፈዋል አሉ።

አንድ ቀን "ጋሼ፣ ከኮትዎ ሥር ያለው ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "እሱ ገና አላለቀም" አሉኝ። ክረምቱን በሙሉ አላለቀም።

ቀስ በቀስ ሌሎቹም ነቁ። ሁሉም የሚወደውን ቤቱ ደብቆ፣ ከእጁ እንዲወጣለት ስለሚፈልገው ይመሰክር ጀመር። መጥፎ መጽሐፍ እየተወደሰ፣ ጥሩው አልጋ ሥር ተኛ። ሰብሳቢያችን ይህን እያየ "ሕግ ሕግ ነው" ይላል። እሱም አልጋ ሥር የደበቀው እንደነበረው ኋላ ሰምቻለሁ።

የልቧን የምትመሰክረው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። ከቢስቲማ መጥታ ኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል የምትሠራ። ፈታይዋ እንላታለን። ሺፍቷ ሲፈቅድላት የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥታ ትመጣለች፤ ሻሿ ላይና ቅንድቧ ላይ የጥጥ ብናኝ አይጠፋም። ለያንዳንዱ መጽሐፏ ከፋብሪካ ከሚተርፍ ቁራጭ ልብስ ትሰፋለች። "የሰው እጅ ይበዛበታል፣ ይበርደዋል" ትላለች። ስትነሳ መጀመሪያ መጽሐፉን በመዳፏ ትዳብሰዋለች፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ትተርከዋለች። ሻያችን ይቀዘቅዛል። የሻይ ቤቱ ባለቤት እንኳ ብርጭቆ ማጠቧን ትታ ትሰማለች።

ችግሩ "እስከ መጨረሻው" የሚለው ላይ ነው። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተጋባ፣ ደብዳቤው የማን እንደነበር፣ ሁሉንም ትዘረግፈዋለች። ጆሮዬን ብይዝ "ድምፄን ከፍ ላድርግልሽ እንዴ?" ትለኛለች። ከዚያ እንደ ሕጉ ታውሰኛለች፤ እኔም ሁሉን አውቄ፣ የታጠበ ሰሃን እንደሚልስ ሰው አነበዋለሁ። እንግዲህ መከራዬን እዩት። ጥሩ መጽሐፍ የምትጠቁመኝ እሷ ብቻ፣ የምታበላሽብኝም እሷ።

አንድ ቅዳሜ ትዕግሥቴ አለቀ። በመጽሐፉ ውስጥ ያለች አንዲት እናት በስተእርጅና ልጇን እንዴት እንዳገኘችው ልትነግረን ስትል ከወንበሬ ተነሳሁ።

"መጨረሻውን አትንገሪኝ! መጨረሻውን ስትነግሪኝ ለእኔ ምን ቀረልኝ?"

እሷ መጽሐፉን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች። ትቀየመኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ግን "እሺ" ብቻ ብላ ተቀመጠች። እኔም አልተጸጸትኩም፣ እውነቱን ለመናገር ዛሬም ትክክል ነበርኩ እላለሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስትመጣ ይኼን በሰማያዊ ክር የተዘመዘመውን ይዛ መጣች። ጨው ከአሰብ የሚያመላልስ የአንድ ከባድ መኪና ሹፌር ታሪክ ነው። ባቲ መንገድ ዳር የምትኖር ሴት አለች። ሹፌሩ ባለፈ ቁጥር ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርጋል፣ እሷም ምሳ ታቀርባለች። አንድ ጊዜ "ተመልሼ እመጣለሁ፣ ከመጣሁ አልሄድም" ብሏት ሄዶ ይቀራል። ዓመት ያልፋል። ሴትዮዋ ጎረቤት ሲስቅባት ምሳ ማቅረቧን አትተውም። ፈታይዋ እዚህ ድረስ ተረከችና፣ አንድ ቀን ያ ክላክስ ሁለት ጊዜ ሲጮህ ሴትዮዋ ከመደቡ ተነስታ ወደ በሩ ሄደች አለች። ከዚያ ትረካዋን አቆመች።

"ከዚህ ወዲያ አልናገርም። አትንገሪኝ ያለች ሰው አለች።"

ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። የኩታበሩ መምህር ሁለቱንም እጃቸውን አውጥተው ነበር፤ ግን ቀድሜያቸዋለሁ።

እቤት ወስጄ አነበብኩት። እናቴ ልብ ወለድን "ዓለማዊ" ትለው ስለነበር የፈታይዋ ልብስ ለእኔ በረከት ነበር፤ ሽፋኑ ላይ የተሣለችውን ሴት ማንም አያያትም፣ እናቴ የመዝሙር ጥራዝ እየመሰላት ታልፋለች። ሳልቸኩል፣ ቆጥቤ አነበብኩ። ክላክሱ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ሴትዮዋ ተነሳች። እጇን መቀርቀሪያው ላይ አደረገች። ገጹን ገለጥኩ፤ የኋላ ሽፋኑ ነው። በመሀል የተቀደዱ ወረቀቶች ጥርስ ጥርሳቸው ብቻ ቀርቷል።

ያን ቀን የተናደድኩትን ያህል የተናደድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። በማግስቱ መጽሐፉን ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሐረጎ ላይ ጆሮዬ ተደፈነ፤ ታች ስንደርስ ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ። ፋብሪካው በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ግድግዳው ከውስጥ ባሉት ማሽኖች ይንቀጠቀጣል፣ እግሬ ሥር ያለው መሬት ሳይቀር። ሺፍት ሲቀየር ሴቶቹ እየተጯጯሁ ወጡ፤ ማሽኑ ስላደነቆራቸው ደጅ ወጥተውም ድምፃቸውን አይቀንሱም። ስታየኝ ሮጣ መጣች፤ የታመመ ሰው ያለ መስሏት ነበር።

"መጨረሻው የት አለ?" አልኳት ሰላም ሳልላት።

"የለም።"

"እንዴት የለም?"

"እኔም ሳገኘው አልነበረውም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አትንገሪኝ አላልሽም?" አለችና ሳቀች። ልቆጣ ብዬ አቃተኝ። በሩ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጥን፤ ከቦርሳዋ ቆሎ ዘግና መዳፌ ላይ አደረገችልኝ። ያን ጊዜ ነው የልጅነቷን ያጫወተችኝ። ቢስቲማ ሳለች ማንበብ የለመደችው ሰፈራቸው ካለው ሱቅ ነው። ባለሱቁ አሮጌ መጻሕፍት እየሰበሰበ ገጻቸውን ለበርበሬና ለስኳር መጠቅለያ ይቀድዳል። የሚቀድደው ደግሞ ከኋላ እየጀመረ ነው። ጨርሶ ሳይቀድደው የምታገኘውን ለምና ወስዳ ታነባለች።

"ያነበብኩት ሁሉ ጭራ የለውም ነበር" አለችኝ። "መንገድ ላይ የማገኘውን ትልቅ ሰው ሁሉ 'ይቺ ልጅ ኋላ ምን ሆነች?' እያልኩ እጠይቅ ነበር። ማን ያውቃል፣ ማንም። ስለዚህ ሙሉ መጽሐፍ ሲገጥመኝ መጨረሻውን ለሰው ሳልናገር ማደር አልችልም። መጨረሻውን የነፈግኩት ሰው ይመስለኛል።"

ቆሎዬን በላሁ። በዚያው ስለ ሴትዮዋ መከራከር ጀመርን። እሷ "ሹፌሩ መጥቷል፣ ያለዚያ ክላክሱን ማን ነካው" ትላለች። እኔ "ሞቷል፣ ቢኖር ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበር" እላለሁ። ስንነሳ ክንዴን ያዘችኝ።

"መጨረሻውን ቀድሞ ያገኘ ለሌላው ይነግራል። ወላሂ በይ።"

"እኛ ቤት መሐላ የለም። አዎ ካልን አዎ ነው።"

"እንግዲያስ አዎ በይኝ።"

"አዎ" አልኳት።

ክርክሩ ዓመት ያህል ቆየ። ቅዳሜ እንደመጣች ከበሩ "ይመጣል!" ትላለች፤ እኔ "አይመጣም" እላለሁ፤ ሰብሳቢያችን ብርጭቆውን በማንኪያ እየመታ ሥርዓት እንድንይዝ ይለምናል። ከዚያ ፈታይዋ ወደ ዐረብ አገር ልትሄድ ነው ተባለ። ታናናሾቿን ልታስተምር ነው። ልትሰናበተኝ ስትመጣ መጽሐፉን ልመልስላት አወጣሁ፤ አልቀበልም አለች። "አንቺ ጋ ይቀመጥ። መጨረሻውን ስታገኚለት ትሰፊለታለሽ። አብሽሪ፣ እደውላለሁ።"

ደወለችም። በደወለች ቁጥር ሰላምታዋ "አገኘሽው?" ነበር። አላገኘሁትም። የደሴን መጽሐፍ አዟሪዎች ሁሉ አሰለቸኋቸው፤ ጸሐፊውንም የሚያውቅ የለም። አንድ ጊዜ "ትዳር ይዘሽ ልጅ ወልደሽ አንዲት መጽሐፍ ታጪያለሽ?" ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ስልኳ መጥራቱን አቆመ። የቢስቲማ ሰው ባየሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ አንዱ አሠሪ ቀይራ ደህና ናት ይለኛል፣ ሌላው እኛም አጥተናት ነው ይለኛል።

ባለፈው ክረምት ፒያሳ ላይ፣ ዝናብ ፈርቶ ላስቲክ የሸፈነ መጽሐፍ አዟሪ አጠገብ ሳልፍ፣ በላስቲኩ ውስጥ ያቺ ሽፋን ላይ የተሣለች ሴት አየችኝ። እዚያው ቆሜ ከኋላ ገለጥኩት፤ ካፊያው ገጹን እያረጠበው፣ ሰውየው "እመቤት ካልገዛሽው አትግለጪው" እያለኝ። ሴትዮዋ በሩን ከፈተች። መኪናው ያው መኪና ነው፣ ሹፌሩ ግን ሌላ ነው። መኪናውን ከሟቹ ሹፌር ቤተሰብ ገዝቶት፣ እዚህ በር ላይ ሁለት ጊዜ ክላክስ ማድረግ የመኪናው ወግ ነው ብለው ነግረውታል። ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ "መንገድ አድክሞሃል፣ ግባ፣ ምሳ ደርሷል" አለችው። አለቀ።

መኪናው መጣ፣ ሰውየው አልመጣም። ፈታይዋም ልክ ነበረች፣ እኔም። ለማን ልንገር? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። በድሮ ቁጥሯ ደወልኩ፤ አንዲት ሴት በዐረብኛ ቶሎ ቶሎ ተናግራ ዘጋችብኝ።

ስለዚህ ሰሞኑን በግሩፑ ያ ጥያቄ ሲመጣ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ፈታይዋ በሕይወት ካለች፣ እጇ ላይም ስልክ ካለ፣ አንባቢ ካለበት ሌላ የት ትገኛለች? ልብሱን የለበሰውን መጽሐፍ አጠገቤ አስቀምጬ፣ እንደ ድሮው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መሰከርኩ። መኪናውን፣ ክላክሱን፣ በሩን፣ ምሳውን።

ስድቡን ብታዩት! "ልናነበው ነበር እኮ!" "እንዲህ ያለ ሰው ከግሩፑ ይውጣልን።" አንዷ ደግሞ "መጨረሻውን ስትነግሪን ለእኛ ምን ቀረልን?" ብላ ጻፈች። እሷ ላይ እንኳ መቆጣት አልቻልኩም። የተቆጣውን ሁሉ ስም በስም አነበብኩ፤ ከመካከላቸው "አገኘሽው?" የሚል አንድ ሰው ፍለጋ። የለም። ማታ የግሩፑ ኃላፊ ጽሑፌን አጥፍቶ፣ ዳግም እንዳይለመድሽ የሚል ማስጠንቀቂያ ላከልኝ።

መጽሐፉን ልብሱን አስተካክዬ አለበስኩት። ከዚያ ስልኬን አንስቼ፣ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሬ ደግሜ ጻፍኩት። አዎ ብያታለሁ።